ለምን ተመለስኩ?

«ተበዳይ አሥራ አምስት ሺህ ብር ብለዋል» አሉ አቶ ለሜሳ ከመጋረጃው ወዲያ። ተበዳይ ከመጋረጃው ወዲህ አልጋ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ነበርና ይህን ስትሰማ ክው አለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ አልወጣም። ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው ለወንድሟ ሚስት ለብርነሽ «ሻዩ ስኳር አንሶታል» ያለችውን ብቻ ነው። ኋላ ግን ነገሩ ገባት። በሽማግሌ ፊት ተበዳይ ማለት ታላቅ ወንድሟ መኩሪያ ነው። የተሰበረው እግር የሸዋረገድ ቢሆንም የተበደለው ሰው ሳሎን ተቀምጧል፤ ጢሙን ተላጭቶ፣ ለሠርግና ለልቅሶ የሚያወጣትን ቡናማ ኮት ለብሶ ነው የተበደለው። እሷን «ነይ ውጪ» ያላት የለም። ሴት ልጅ በገዛ እግሯ ዋጋ ላይ ተቀምጣ አትከራከርም ተብሎ የተጻፈ ነገር ባይኖርም፣ ሁሉም እንደተጻፈ ቆጥሮት ነበር።

መጋረጃውን የሰፋችው ራሷ ናት። ሸዋረገድ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከተማሪ ዩኒፎርም የተራረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ገጣጥማ ስትሠራው ጨርቁ አልበቃ ብሏት ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። ብርነሽ «ሱሪ ያጠረው መጋረጃ» እያለች ስታሾፍበት ኖራለች። ዛሬ ግን ያቺ ስንዝር ጠቀመች፤ ሳሎን የተሰበሰበውን ሰው ሁሉ በጫማውና በሱሪው ጠርዝ እየለየች ታያለች። ተወልውሎ የሚያብረቀርቀው ጥቁር ጫማ የአቶ ለሜሳ ነው። የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ሁለቱም ወገን አምኖ የመረጣቸው እሳቸውን ነው። ከቀሚስ ስር ብቅ ያለው የላስቲክ ጫማ የቄሱ ነው። አጠገባቸው ያለው ሱሪ ጠርዙ ተፈትቶ ረዝሟል፣ የድሮው እጥፋት መስመር ገና አልጠፋም። ይሄ የሹፌሩ አጎት መሆን አለበት፣ ሱሪውንም የወረሰው ከአጭር ሰው ነው ብላ ፈረደች። የሰው ስፌት ማየት ልማዷ ነው። ልጅ ሆና አዲስ ልብስ ሲገዛላት እንዴት እንደተሰፋ ካላወቀች መልበስ አይሆንላትም ነበር፤ ጥግ ይዛ አንዱን ጎን ትፈታዋለች፣ ካየችው በኋላ መልሳ ትጠቅመዋለች። ለዚህም ብዙ ተገርፋለች።

ሹፌሩ ወጋየሁ እዚህ ሳሎን የለም። በደለኛ እርቅ ሳይወርድ ተበዳይ ቤት አይገባም፤ ከቆርቆሮው በር ውጭ ባዶ ራሱን ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ሽማግሌዎቹ ከውስጥ የተባለውን ይዘውለት ይወጣሉ፣ እሱ ያለውን ይዘው ይመለሳሉ። እሱና እነመኩሪያ ፊት ለፊት ቃል አይለዋወጡም። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ «እሺ» እስኪባሉ ድረስ የቤቱን ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ብርነሽ ከጎረቤት በተዋሰችው ትሪ ላይ የደረደረችው ለስላሳ ቆርኪው ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ ይሞቃል። ቀኑ እሑድ ነው፤ ጥር ነው፤ ከላፍቶ ወደ ሀና ማርያም የሚወስደው ኮረኮንች አቧራውን እያነሳ በበሩ ስር ያስገባል። ፀሐዩ የዚያን ሰው አናት እንዴት አድርጎት ይሆን ብላ አሰበች ሸዋረገድ። መልኩን አይታው አታውቅም። ሆስፒታል ሁለቴ ብርቱካን ይዞ መጥቶ ነበር አሉ፤ አንዴ ተኝታ ነበር፣ አንዴ መኩሪያ ከበር መለሰው።

አቶ ለሜሳ ወጡና ተመለሱ። ወጋየሁ ባለመኪና አይደለም፣ የሰው ኢሱዙ ነጂ ነው፤ አሸዋ እያመላለሰ በቀን የሚከፈለው ነው፤ ቤተዘመድ ተሰብስቦለት ከስድስት ሺህ በላይ አልወጣውም። መኩሪያ አንዴ ራሱን አከከ፣ አንዴ ጉሮሮውን ጠረገና «ስምንት ይሁን» አለ። በቃ። ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ሴት ጆሮዋን ማመን አቃታት። መኩሪያ ማለት ለአንድ ኪሎ ቲማቲም ሻጯን እስክታለቅስ የሚከራከር ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ ተሽጦ ከግምጃ ቤት ሠራተኛነቱ ሲቀነስ፣ ለአንድ ብርድ ልብስ የሚሆን የአገልግሎት ገንዘብ ቀረብኝ ብሎ ዓመት ሙሉ ተመላልሷል። ዛሬ ሰባት ሺህ ብር በአንድ ትንፋሽ ጣለ። የእኔ እግር ስለሆነ ነዋ ብላ ተናደደች፤ በእውነት ተናደደች፤ እንባዋ መጣ። ወዲያው ደግሞ ያ የልጅነት ጠባይዋ ተነሳባትና ንዴቱን ገፍቶ ቦታውን ያዘ። እንዲህ የሚያስቸኩለው ምንድነው?

ሽማግሌዎቹ የሹፌሩ አጎት ብሩን ከቄራ ይዞ እስኪመጣ ከሰዓት ለመመለስ ተቀጣጥረው ወጡ። ብርነሽ በደስታ ልትበር ደረሰች። ጠዋት ያረደችውን ዶሮ ልትጨርስ ጎንበስ ቀና እያለች በመጋረጃው ብቅ ብላ ትናገራለች፣ ሄዳ ታማስላለች፣ ተመልሳ ትናገራለች። ከግቢው ጥግ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ፣ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ይወጣል። ቆርቆሮው ያገለገለ ይገዛል፣ ጭቃውን መኩሪያ ራሱ ይመታዋል። ፉሪ በኩል ቤት የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ ለግንበኛና ለዘበኛ ማደሪያ ይፈልጋሉ፣ አንዱ ክፍል ብቻ በወር ሠላሳ ብር አያጣም። «ለአንቺ ነው እኮ ሸዋዬ፤ ቁጭ ብለሽ የምትበዪው» አለቻት፤ ውሸቷን አልነበረም፣ እንዲያው ልቧ ከአፏ ቀድሞ ስለሚሮጥ ነው። ሸዋረገድ ግን ጥግ ላይ በአንሶላ የተሸፈነችውን የስፌት መኪናዋን ታያለች። ጭኗ ውስጥ ብረት አለ፣ ጉልበቷ አይታጠፍም። በአንድ እግር ፔዳሉን ሞክራው ነበር፤ ክሩ በየመንገዱ እየተበጠሰ አስለቅሷታል። ቁጭ ብሎ መብላት የሚባለውን ነገር እንደ ሕመም ነው የምትፈራው።

እሷን የሚያብሰለስላት ግን ከብሩም ከመኪናውም በላይ አንድ ነገር ነው። ለጠያቂ ሁሉ ስትነግር ኖራለች፤ ሰውም ሰልችቶታል። ጥቅምት ላይ፣ ሊመሽ ሲል፣ ከበሩ ፊት ለፊት ከመንገዱ ማዶ ካለው ከሐሚዳ ሱቅ ግማሽ ኪሎ ስኳርና ሳሙና ገዛች። ይህን ታስታውሳለች፤ ሳሙናው የታሸገበት ወረቀት እርጥብ እንደነበር እንኳ ታስታውሳለች። ከዚያ ቀጥሎ የምታውቀው የሆስፒታል ጣሪያ ነው። መሃሉ የለም። የትራፊክ ፖሊሱ መንገዱን ለክቶ የደረሰበትን ግን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ሸዋረገድ መንገዱን ጨርሳ ተሻግራ ነበር። የበራቸውን ደፍ ልትረግጥ ምንም አልቀራትም። ሹፌሩም ተሻገረች ብሎ ነዳጅ ሰጠ። እሷ ግን ዘወር ብላ ወደመጣችበት ወደ ሱቁ ተመለሰች፣ መኪናው ስር ገባች። ለምን ተመለሰች?

ጠያቂ ሁሉ የየራሱን መልስ ይዞ ይመጣል። ብርነሽ «ሰይጣን ነው፤ ያ መንገድ ሲመሽ ክፉ ነው» አለች። የእድሩ ሴቶች ሐሳብ በዝቶባት ነው አሉ፤ ባሏ ጥሏት ከሄደ ጀምሮ እንዲያ ናት ብለው እየተንሾካሾኩ ወጡ፣ ሰማቻቸው። አንዷማ ጨክና «መሞት ፈልገሽ ይሆን እንዴ እናቴ?» ብላ ጠይቃታለች። ሸዋረገድ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሰው የገዛ ልቡን አላምንም ሲል እንዴት ያለ ነገር ነው! ምናልባት እውነቷን ይሆን? እኔ የማላውቃት፣ መኪና ስር መግባት የምትፈልግ ሌላ ሸዋረገድ በውስጤ ትኖር ይሆን? ከዚያ ወዲህ በክራንች ተደግፋ እስከ በሩ ወጥታ መንገዱን ስታየው ፈጥና ወደ ቤት የምትመለሰው በሕመሙ ብቻ አልነበረም። ራሷን እንደማያውቁት እንግዳ መጠርጠር ጀምራ ነበር።

ዶሮው ሲንተከተክ ሐሚዳ ሱቋን ለእህቷ ልጅ ትታ ልትጠይቃት መጣች። አንድ ኪሎ ስኳር አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና ሸዋረገድ ገና አፏን ሳትከፍት ሳቀች።

«አውቃለሁ፣ ልትጠይቂኝ ነው። መልስ ሰጥቼሽ ነበር፣ ረስተሽ የሄድሽው ዕቃም የለም። ዞር ብዬ ጆንያውን ሳስር ነው ፍሬኑን የሰማሁት። ወላሂ ሌላ የማውቀው የለም፣ ሸዋዬ።»

«ሹፌሩ ግን አይቶኛል አይደል? ፊቴን ያየኝ እሱ ነው። ስዞር አይቶኛል።»

«ታዲያ ዛሬ ጠይቂዋ!» አለች ሐሚዳ።

ብርነሽ ማማሰያዋን እንደያዘች ከወዲያ ሰማችና ገባች። «ምን ልትጠይቅ? ተይ እንጂ ሐሚዳ! ዛሬ ካለቀ አለቀ ነው። ቄሱ ግዝት ጥለው ነው የሚሄዱት፤ ከእንግዲህ ይህን ነገር ያነሳ የተወገዘ ይሁን ይላሉ። ሹፌሩም አያነሳም፣ እኛም አናነሳም። እንዲያ ካልሆነ እርቁ ምኑ እርቅ ነው?»

ሐሚዳ ይህን ልማድ አላወቀችውም ነበር። ሸዋረገድ ግን ታውቀዋለች፤ ለሌላ ሰው እርቅ ሲሆን ስትሰማው ኖራለች። ለራሷ እንደሚሆን ነው እስከዛሬ ያላሰበችው። ግዝት ከተጣለ በኋላ ያንን ሰው መንገድ ላይ ብታገኘው «እንደምን ዋልክ» ትለዋለች እንጂ «ለምን ተመለስኩ?» ልትለው አትችልም። የሚያውቀውን ይዞ ወደ አሸዋው ይሄዳል። ስምንት ሺህ ብሩ ለብርነሽ ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ለሹፌሩ መንጃ ፈቃዱና ከእስር መዳኑ ነው፤ ለእሷ ደግሞ የዚያ ጥያቄ መቆለፊያ ነው። እስካሁን የፈራችው ብሩ እንዳያንስ ነበር። አሁን እንዳይመጣ መመኘት ጀመረች።

ምሳ ሲደርስ መኩሪያ የራሱን ድርሻ ይዞ እሷ ዘንድ መጥቶ በላ። ከአደጋው ወዲህ እንዲህ ነው፤ ብቻዋን እንዳትበላ ብሎ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ሽንት ቤት ተሸክሞ ያደርሳታል፣ እግሯን በሞቀ ውሃ ሲያጥቡላት ባልዲውን የሚያቀርበው እሱ ነው። ሲጋራውንም ትቷል። ሃያ ዓመት ያጨሰውን ሲጋራ ያኔውኑ፣ አደጋው በደረሰ ማግስት ጣለው። ብርነሽ ለሰው ሁሉ «ለእህቱ ተስሎ ነው» እያለች ታወራለች፤ ሸዋረገድም በዚህ አንጀቷ ተላውሶ አልቅሳለታለች። እግሯን ግን አያይም። አሁንም የተሰበረውን ወገን፣ አንሶላው በተገፈፈበት በኩል ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው የሚያኝከው። የኮቱን እጅጌ አየችው፤ ገበሩ ከውስጥ ለቋል፤ ልትሰፋለት ስትል የቀረ ነው።

«ጋሼ፣ ከእርቁ በፊት ያንን ሰው አንድ ነገር ልጠይቀው እፈልጋለሁ» አለችው።

ማኘኩን አቆመ። «ያው ጥፋቱን አምኗል፤ ምን ያደርግልሻል?»

«ለምን እንደተመለስኩ...»

«ሸዋዬ፣ በእመብርሃን፣ ተይው። አንቺም ዕረፊ፣ እኛም እንረፍ» አለና ግማሹን ትቶት ተነሳ። ዶሮ ትቶ የሚነሳ ሰው አይደለም። ተቀምጦበት የነበረውን የአልጋውን ጠርዝ ስታይ ቆየች። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የእድር ሴት፣ ሐኪም፣ ፖሊስ፣ አፍ ያለው ሁሉ ለምን ተመለስሽ ብሏታል፤ አንድም ቀን ያልጠየቃት ሰው ቢኖር መኩሪያ ነው። ይህን እስከዛሬ እንደ ደግነት ቆጥራው ነበር። አሁን፣ ሳትፈልግ፣ እንደ ልጅነቷ ጥግ ይዛ ክሩን መሳብ ጀመረች፤ ጥቂት ሳበችና ፈርታ ተወችው።

ከሰዓት በኋላ ጫማዎቹ ተመለሱ። የሹፌሩ አጎት በመኃረብ የተጠቀለለውን ብር ጠረጴዛው ላይ፣ ከለስላሳው ጎን አኖረ። ቄሱ ጸሎት አደረሱ። አቶ ለሜሳ፣ መቼም ሲናገሩ የሚያምርባቸው ሰው ናቸው፣ በደል ከመንገድ እንደሚመጣ፣ ማንም አውቆ እንዳላደረገው፣ ሰው ለሰው አገሩ መሆኑን ተናገሩ። ከዚያ «ተበዳይ ይቅር ብለዋል?» ብለው ጠየቁ። «ብያለሁ» አለ መኩሪያ። ብርነሽ አንዱን ለስላሳ በጥርሷ ልትከፍት ብድግ አደረገችው። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። ሸዋረገድ እዚህ ቤት ከመጣች ጀምሮ የወንድሟን ቃል አፍርሳ አታውቅም፤ በእሱ ጣሪያ ስር ነው የምትኖረው፤ ዛሬ ብታሳፍረው ነገ በየት በኩል ዓይኑን ታየዋለች? ክራንቿን ሳበች፤ አልጋው ሲጥ አለ። መጋረጃውን ገለጠችው።

«እኔ ገና አላልኩም» አለች።

ሁሉም ዞሩ። የእሷን ጫማ አይተው አያውቁምና ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። ቄሱ መስቀሉን እንደያዙ «ማን ናት?» አሉ፤ አቶ ለሜሳ ትንሽ ዘገዩና «ተበዳይዋ ናት፣ አባ» ብለው መለሱ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙ ለባለቤቱ ተመለሰ። ወንበር ተሰጣት፣ እግሯ ስለማይታጠፍ እንደ ተዘረጋ አግዳሚ መሃል ለመሃል ወጣ። ሳሎኑን ለሁለት ከፈለው።

«ይቅር እላለሁ፤ ቂም የለብኝም» አለች ለአቶ ለሜሳ። «ግን ግዝቱ ከመጣሉ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። መንገዱን ጨርሼ ለምን እንደተመለስኩ ያየኝ እሱ ብቻ ነው። ያየውን ይንገረኝ።»

አጎትየው ቅር አለው። «የእኛ ልጅ እኮ ጥፋቱን አምኗል፣ እመቤቴ። ይቅርታ ሊለምን የመጣ ሰው እንዲህ ነበር እንዲያ ነበር ብሎ አይከራከርም። ነውር ነው።»

«እኔ አልተከራከርኩትም። ለራሴ ነው።»

መኩሪያ «እህቴ ደክሟታል» ብሎ ሊጀምር ነበር፤ አቶ ለሜሳ በእጃቸው አስቆሙትና ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ዶሮው ምድጃው ላይ ብቻውን ያወራል። የቆርቆሮው በር ሲከፈት፣ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ከዚያ እንደገና የከዘራው ኳኳታ። ተመልሰው ቆመው ነው የተናገሩት።

«ሰው ጠራት ይላል።»

«እኔን? ማን?»

«በሩ ላይ የቆመ ሰው እጁን አንስቶ ሲጠራት አይቻለሁ ይላል። እሷም ሰምታ ራሷን ነቀነቀችለት፣ ዞር ብላ ወደ ሱቁ ተመለሰች ይላል።»

«የትኛው በር ላይ?» ያለችው ብርነሽ ናት፤ ለስላሳውን አልለቀቀችውም። አቶ ለሜሳ ሳይመልሱላት እንደገና ወጡ። አሁን ቆዩ። ሸዋረገድ ከልማዷ የተነሳ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ጫማዎቹን ታያለች። የቄሱ የላስቲክ ጫማ አልተነቃነቀም። የአጎትየውም። ቡናማው ጫማ ግን፣ እንደ ቡናማው ኮት ለሠርግና ለልቅሶ የሚወጣው፣ ቀስ እያለ ወደ ኋላ፣ ወደ ወንበሩ ስር ይገባል። ያኔ አወቀችው። አቶ ለሜሳ ተመልሰው ሳይናገሩ በፊት አወቀችው።

«ማን እንደሆነ አልናገርም ይላል» አሉ አቶ ለሜሳ። «ለይቅርታ መጥቼ ሰው አልከስም፣ ከፈለገች ብሩን ትጨምርብኝ ይላል።»

«እኔ ነኝ» አለ መኩሪያ።

ጮክ ብሎ አልተናገረም። ከአደጋው በኋላ ለፖሊስም ለሰፈሩም የነገራቸው ጩኸት ሰምቶ ከቤት እንደወጣ ነበር፤ ወድቃ አገኘኋት ነበር ያለው። አሁን ማንንም ሳያይ፣ ምንም ሳይጨምር ተነሳ። ኮቱን አወለቀና ወንበሩ ላይ ጣለው። በእህቱ የተዘረጋ እግር ዙሪያ በጥንቃቄ ዞረ፤ ከጥቅምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። ከዚያ ወጣ። አቶ ለሜሳ ወጋየሁን «ግባ» አሉት፤ የቆርቆሮው በር ተከፈተ፣ ሲገባ ወጋየሁ፣ ሲወጣ መኩሪያ፣ እዚያው ተላለፉ። መኩሪያ ከበሩ ውጭ፣ ሹፌሩ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞበት በነበረው ቦታ፣ ባዶ ራሱን፣ እጁን ወደፊት አጣምሮ ቆመ። ማንም እዚያ ቁም አላለውም ነበር።

ወጋየሁ ልጅ እግር ነው፣ ፀሐዩ ግንባሩን አቅልቶታል። ጉልበቷን ሊስም ሲጎነበስ «ጉልበቴን ተወው፣ ያመኛል» አለችውና ጭንቅላቱን ያዘች። «ይቅር ብዬሃለሁ። ብርቱካንህንም በልቻለሁ።» ልጁ እንባው መጣ። ቄሱ ግዝቱን ጣሉ፤ በወጋየሁና በሸዋረገድ መካከል የሆነው ከእንግዲህ አይነሳም ብለው መስቀሉን አሳለሟቸው፤ ከዚያ ግራ ገብቷቸው መስቀሉን ወደ ደረታቸው መለሱት። ብርነሽ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ውጭ ታያለች። ለስላሳው እንደታሸገ ትሪው ላይ ተመለሰ። አቶ ለሜሳ ኮታቸውን ሰብስበው እንደ አዲስ ተቀመጡ። ሌላ ነገር ተከፍቷል፣ እስኪያልቅም ውሃ አይቀመስም።

ሸዋረገድ መጀመሪያ የተሰማት ንዴት አልነበረም። እፎይታ ነበር፤ ልትጮህ የደረሰችበት እፎይታ። በውስጧ ሌላ ሸዋረገድ የለችም! ሰይጣንም፣ ሐሳብም፣ ሞትም አልጠራትም። ወንድሟ ጠራት፣ እሷም ዞረች። ከተወለደች ጀምሮ ሲጠራት ዞራ ነው የኖረችው። ንዴቱ ከዚያ በኋላ መጣ፣ እንደ ጎርፍ መጣ። ሦስት ወር ሙሉ! አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ እብድ ናት ሲሉኝ እየሰማ፣ ዝም! አሁን የሚቀራት አንድ ክር ብቻ ነበር።

«አቶ ለሜሳ፣ ለምን እንደጠራኝ ደግሞ ይጠይቁልኝ» አለች።

ሽማግሌው ወጥተው ተመለሱ። በሰው ነገር ብዙ ዓመት የኖሩ ሰው አፈሩ።

«ለክብሪት ነው ይላል።»

«ለምን?»

«ሲጋራ ይዞ ክብሪት አልቆበት ነበር። ሱቁ ፊት ለፊት ስለሆነ... ክብሪት ይዘሽልኝ ነይ ብዬ ነው ይላል። ሊነግርሽ ዛሬ ነገ ሲል ቀኑ እየራቀበት ሄደ ይላል። ሌላ የሚለው የለውም። እያለቀሰ ነው፣ ልጄ።»

ክብሪት። ሸዋረገድ ሳቀች፤ ሳቋ አስደነገጣቸው፤ ሳቁ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ማንም አላባበላትም። መኃረቡ ውስጥ ያለው ስምንት ሺህ ብር ጠረጴዛው ላይ እንደ ማንም ዕቃ ተቀምጧል። ዞር ብላ በተከፈተው በር አሻግራ አየችው፤ ከኋላው ነው የሚታያት፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተቀዷል፣ ፀሐይ አናቱ ላይ ወርዷል። ከማዶ የሐሚዳ ሱቅ ክፍት ነው። በመሃከል መንገዱ አለ፤ አንድ የጭነት መኪና አቧራውን አንስቶ አለፈ።

«እንዴት ይሁን?» አሉ አቶ ለሜሳ በቀስታ። «ይግባ?»

አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ይግባ። ግን መጀመሪያ ሐሚዳ ሱቅ ይሂድና ያንን ክብሪት ራሱ ገዝቶ ይምጣ።»

ሽማግሌው ቄሱን አዩ፣ ቄሱ ወለሉን አዩ። ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። ደፉን ሊያልፉ ሲሉ ሸዋረገድ ከወንበሯ ድምጿን ከፍ አድርጋ አስቆመቻቸው።

«ደግሞ ሲሻገር ማንም እንዳይጠራው።»